ከበሩ ላይ ኪውአር እስከ ሌባ ቻናል፦ የአንድ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ የስም ቅየራ

መነሻው

ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 አንዲት ደንበኛ አንድ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። ውስጥ ሰው ሞልቷል። ተራዋን ስትጠብቅ በሩ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልኳ ስካን አደረገች። የቴሌግራም ቻናል ተከፈተላት። ሎጎው የሱቁ ነው። ፎቶዎቹ የሱቁ ናቸው። በአማርኛ የተጻፈው ስምም የሱቁ ነው። አንድ የመነን ቀሚስ ወደደችና ዋጋ ጠየቀች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ለጥምቀት ይደርሳል፤ ግማሹን ቀብድ አስገቢ»፤ ከነሒሳብ ቁጥሩ።

ሴትየዋ ብሩን አላስገባችም። ስልኳን ይዛ ገባችና «ሒሳቡ በወንድ ስም ነው እንዴ?» አለች። ባለሱቋ ስሙን አየችው። ሰውየውን አታውቀውም። ቻናሉንም አታውቀውም። በገዛ እጇ በሯ ላይ የለጠፈችው ኮድ ደንበኛዋን ሌላ ሰው ጋ ወስዷታል።

እኔ የምተዳደረው የነጋዴዎችን የሶሻል ሚዲያ ገጽ በማስተካከል ነው። የዚህን ሱቅ ስም ከአምስት ቀን በፊት አብሬ የቀየርኩትም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከተጻፈው ጥፋት ቢያንስ ግማሹ የእኔ ነው። የባለሱቋን፣ የሱቁን፣ የድሮውንም ሆነ የአዲሱን ገጽ ስም አልጠቅስም።

ሱቁና የድሮ ስሙ

ባለሱቋ ሥራውን የጀመረችው ሽሮ ሜዳ ነው። ከዶርዜ ሸማኔዎች ጨርቁን ትረከባለች፣ ጥልፉን ታስጠልፋለች፣ ታሰፋለች፣ ከዚያ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች። ያኔ ሱቅ አልነበራትም። ቻናሉን የከፈተችላት የእህቷ ልጅ ናት። ስም አስገቡ ሲባሉ የባለሱቋን የቤት ስም ጻፉ፣ ሽሮ ሜዳን ጨመሩበት፣ መጨረሻው ላይ 2 ቁጥር አደረጉ። 2 ቁጥር ለምን? ያለ ቁጥር ያለው ተይዞ ነበራ! አብዛኛው የሀገራችን ሱቅ ገጽ እንዲህ ነው የተሰየመው፤ ማታ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ በሁለት ደቂቃ።

ስሙ ግን ሠራ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቻናሉ ወደ 11 ሺህ ተከታይ ነበረው። ትእዛዝ ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ይመጣል። ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ፌስቡክም በዚያው ስም ተከፈቱ። ስሙ ፌስታል ላይ ታተመ፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ታተመ፣ በሩ ላይ በኪውአር ተለጠፈ።

ችግሩ የመጣው ሱቅ ስትከራይ ነው። ሱቁ ሽሮ ሜዳ አይደለም። ሰው ግን ስሙን አይቶ ሽሮ ሜዳ ይሄድና እዚያ ሆኖ ይደውላል። «የት ናችሁ? እዚህ ሁሉም ሱቅ ቀሚስ ነው የሚሸጠው!» በዚያ ላይ ንግድ ፈቃድ ስታወጣ የተመዘገበው የንግድ ስም ሌላ ሆነ። ደረሰኙ ላይ አንድ ስም፣ ቴሌግራም ላይ ሌላ ስም። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች ብር ከመላካቸው በፊት «እናንተው ናችሁ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ስለዚህ ስሙን መቀየር ተገቢ ነበር። ዛሬም ቢሆን መቀየሩን አልቃወምም። የተሳሳትነው አቀያየሩ ላይ ነው።

አንዱ ስም ሁለት ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ነው። አንድ ገጽ ሁለት ስም አለው። አንደኛው ከፎቶው አጠገብ በትልቁ የሚታየው ነው። በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል፣ ኢሞጂ ሊገባበት ይችላል፣ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ስም ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ዩዘርኔሙ ነው፤ ከፊቱ የአት (@) ምልክት ያለበት። እሱ በአብዛኛው በላቲን ፊደልና በቁጥር ነው የሚጻፈው፣ በአንድ አፕ ላይ ከአንድ ሰው በላይ አይዘውም፣ የገጹ ሊንክ የሚሠራውም ከእሱ ነው። ኪውአሩም በውስጡ የያዘው ያንኑ ሊንክ ነው።

የሚታየውን ስም ስትቀይር ሊንክህ አይነካም። ዩዘርኔሙን ስትቀይር ግን አድራሻህን ነው የቀየርከው። ቴሌግራም ላይ ተከታዮች አይጠፉም፣ ቻናሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ባለበት ይቀጥላል፣ ሰው ፎርዋርድ ያደረገው ፖስትም ወደ ቻናሉ ያደርሳል። ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከውጭ ያለው ሊንክ ሁሉ ግን የድሮው ቦታ ላይ ይቀራል። የድሮው ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ማንም ይገባበታል።

ይሄን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ግን «ይሄን ትንሽ ሱቅ ማን ይፈልገዋል?» ብዬ አሰብኩ።

ያደረግነው

ቅዳሜ ማታ፣ ታኅሣሥ 12፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ተቀመጥን። ባለሱቋ፣ የእህቷ ልጅና እኔ። ቡና ተፈልቷል። ለገና 17 ቀን፣ ለጥምቀት 29 ቀን ቀርቷል። ባለሱቋ ለጊዜው አልተጨነቀችም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለዋል፤ እኛም ለጥምቀት ያልሆነ ስም ምን ያደርግልናል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የዓመቱ ትልቁ ገበያ ሊገባ ሲል አድራሻ መቀየር ዕብደት መሆኑን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

አዲሱን ዩዘርኔም መምረጡ ራሱ ሰዓት ፈጀ። ሁሉም አፕ ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ፈልገን ነበር። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ነጥብ ይፈቅዳሉ፤ ቴሌግራም አይፈቅድም። ቴሌግራም ቢያንስ 5 ፊደል ይፈልጋል፣ እስከ 32 ይወስዳል። ኢንስታግራም እስከ 30 ነው። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ደግሞ ከ15 በላይ አይቀበልም። ባለሱቋ ኤክስ የላትም፤ አንድ ቀን ብትከፍት ብለን ግን ከ15 ፊደል በታች፣ ነጥብ የሌለው፣ ቁጥር የሌለው ስም ፈለግን።

ከዚያ የአማርኛው ጣጣ መጣ። «ቀ»ን በላቲን በኬ ነው የምንጽፈው በኪው? ሁለቱም ልክ ነው፣ ሁለቱም ይጻፋል። «ጠ»፣ «ጸ»፣ «ጨ» ያለበት ስም ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዱን ቃል አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል። ደንበኛ ስልኩ ላይ ሲፈልግ በየትኛው እንደሚጽፍ ለማወቅ የድሮ መልእክቶችን አገላበጥን። አብዛኛው በኬ ነበር። በኬ አደረግነው።

ከዚያ ተራ በተራ ቀየርን። ቴሌግራም አንድ ደቂቃ አልወሰደም። ኢንስታግራምም እንደዚያው። ፌስቡክ የፔጁን ስም ለመቀየር የቀረበውን ጥያቄ አይቶ ነው የሚፈቅደው፤ አስገብተን ተውነው፤ እሱ በኋላም ችግር አልፈጠረም። ቲክቶኩን የእህቷ ልጅ በራሷ ስልክ ቀየረችው። እሷ ግን የለመደችው ኪው ነው። በኪው ጻፈችው።

ይሄ የታወቀው በማግስቱ ነው። ቲክቶክ ዩዘርኔም በ30 ቀን አንዴ ብቻ ነው የሚያስቀይረው። 30 ቀን ሲቆጠር ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ዕለት ይውላል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማተሚያ ቤት የተላከው የካርድ ጽሑፍ ከልጅቷ ስልክ ኮፒ የተደረገ ነበር። 500 ካርድ በኪው ታተመ።

የተበላሸው

የድሮው የቴሌግራም ዩዘርኔም ከተለቀቀ በአምስተኛው ቀን ሌላ ሰው እጅ ላይ አገኘነው። መቼ እንደያዘው ከቻናሉ የመጀመሪያ ፖስት ይታያል፤ ታኅሣሥ 14 ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው ባዶ የቆየው። ሰውየው ሎጎውን ወሰደ፣ ወደ አርባ የሚሆኑ ፎቶዎችን ወሰደ፣ የአማርኛውን ስም እንዳለ ጻፈ፣ ከሥር የራሱን የኢንቦክስ አካውንት አስቀመጠ።

ሰው መጥራት እንኳ አላስፈለገውም፤ ሰው የምንልክለት እኛው ነበርን። የድሮው ፌስታል ወደ እሱ ይልካል። የድሮው ካርድ ወደ እሱ ይልካል። በሌሎች ግሩፖች «እዚህ አሪፍ ቀሚስ አለ» ተብሎ የተጻፈው ጥቆማ ሁሉ ወደ እሱ ይልካል። ከቲክቶክ ዳውንሎድ ተደርገው ከስልክ ስልክ የሚዞሩት ቪዲዮዎች ላይ የድሮው ስም እንደታተመ ነው። የበሩ ኪውአርማ ተነግሯል።

ሦስት ሰዎች ከፍለዋል። አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሀዋሳ፣ አንዷ ሪያድ። የሪያዷ ለእህቷ ሠርግ ነበር ያዘዘችው፤ 8,000 ብር ልካለች። ሦስቱም የደወሉት ቀሚሱ ሲዘገይ ነው። ሦስቱም መጀመሪያ የተቆጡት ባለሱቋን ነው። አልፈርድባቸውም።

ያዳነንና ያላዳነን

መጀመሪያ ያደረግነው ሪፖርት ማድረግ ነው። ቻናሉን ከአፑ ውስጥ ሪፖርት አደረግን፣ ተከታዮችም እንዲያደርጉ ጠየቅን፣ ቴሌግራም ለአስመሳዮች ጥቆማ ባዘጋጀው ኖ ቱ ስካም በሚባለው አካውንትም የሁለቱን ቻናሎች ማስረጃ ላክን። ይሄ ጊዜ ወሰደ። ቻናሉ የጠፋው ከጥምቀት በኋላ ነው። ገበያው አልቆ።

ያዳነን ሌላ ነገር ነው። ባለሱቋ ትክክለኛው ቻናል ላይ በራሷ ድምፅ ቮይስ ላከች። የቆዩ ደንበኞች ድምፅዋን ያውቁታል፤ ስልክ ላይ ስንቴ ስለ ጥለትና ስለ ቁመት ተነጋግረዋል። «እኔ ነኝ፣ ድምፄን ስሙት፤ በወንድ ስም ባለ ሒሳብ ቀብድ የሚጠይቅ ሱቅ የለኝም» አለች። ቮይሱን ፒን አደረግነው። ቲክቶክ ላይም ሱቁ ውስጥ ቆማ፣ አዲሱን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ ቪዲዮ ሠራች። ቪዲዮውን ደንበኞች ራሳቸው ተቀባበሉት። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሱቁ የሚደውለው ሰው በዛ፤ ከዚያ በኋላ የከፈለ ሰው አልሰማንም።

እኔ በበኩሌ በጽሑፍ ያዘጋጀሁት «ጥንቃቄ» የሚል ያሸበረቀ ፖስተር ነበር። ምንም አልሠራም። ሌባው ያንኑ ፖስተር ወስዶ፣ ስሞቹን አገላብጦ፣ የእኛን ቻናል «አስመሳይ ነው» ብሎ ለጠፈው። ፖስተር ይቀዳል። የሷን ድምፅ ግን ከየት ያመጣዋል?

የኢንስታግራሙ ታሪክ ይለያል። ነገሩ ሲታወቅ የኢንስታግራሙን የድሮ ስም በሁለተኛ አካውንት ልንይዘው ሞከርን። እምቢ አለ። ኢንስታግራም ስም ከቀየርክ በኋላ በአብዛኛው ለ14 ቀን ወደ ድሮው መመለስ ያስችልሃል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ሰው ሊወስደው አልቻለም፣ እኛም በሌላ አካውንት ልንወስደው አልቻልንም። ቀኑን ቆጥረን ከታኅሣሥ 26 ማታ ጀምሮ ሞከርን፤ ማግስቱን ተገኘ። አሁን እዚያ አንድ ፖስት ብቻ አለ፦ «ስማችን ተቀይሯል፣ እዚህ ነን»። የኢንስታግራሙን ለማዳን የሄድንበትን መንገድ ቴሌግራም ላይ በመጀመሪያው ማታ ብናደርገው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ብሩ አልተመለሰም። ከከፈሉት አንዷ ለፖሊስ አመለከተች፤ ባንኩ ያለ ደብዳቤ ስለ ሒሳቡ ምንም አልናገርም አላት፤ ደብዳቤው ሲደርስ ሒሳቡ ባዶ ነበር። ባለሱቋ ለሪያዷ ልጅ ቀሚሱን በጨርቁና በጥልፉ ዋጋ ብቻ ሠራችላት። ግዴታዋ አልነበረም። እኔ «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ብላት፣ «ልጅቷ የመጣችው የኔን ስም አምና ነው» አለችኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ የሌባው የመጨረሻ መልእክት ነው። ስሙን መልሶ እንዲሸጥልን ዋጋ ጠየቀን። ቴሌግራም ላይ የስም ሽያጭ ራሱ የታወቀ ገበያ ነው፤ ከ2022 የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ወዲህ ፍራግመንት በሚባለው መድረክ ዩዘርኔሞች በጨረታ ይሸጣሉ። ባለሱቋ ግን ሰምታ አልጨረሰችውም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ዋናው ነገር አንድ ነው፦ የድሮውን ዩዘርኔም እንደለቀቅህ ራስህ መልሰህ ያዘው። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው እስከ 10 የሕዝብ ሊንክ መያዝ ይችላል። ሁለት ስልክ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጥ። በአንዱ ዋናውን ቻናል ወደ አዲሱ ስም ቀይር፤ በሌላው አስቀድመህ የከፈትከውን ባዶ ቻናል በድሮው ስም ሰይመው። እዚያ አንድ መልእክት ጻፍ፣ ፒን አድርግ፣ ተወው። ዩቲዩብም የድሮውን ሃንድል (ዩዘርኔሙን እንዲህ ነው የሚለው) ለ14 ቀን ያቆይልሃል። ኤክስ ላይ ግን የተለቀቀ ስም ይጠብቀኛል ብለህ አትተኛ።

ጊዜውን ምረጥ። ለሀበሻ ልብስ ነጋዴ ጥሩው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፤ ሠርግ የለም፣ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ለዳቦ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ፣ ለሌላውም የየራሱ ጭር ያለ ወር አለው።

አዲሱን ስም አንድ ቦታ ጽፈህ ከዚያ ብቻ ኮፒ አድርግ። ማንም በቃሉ አይጻፈው። ካርድና ፌስታል የምታሳትመው ስሙ ሁሉም አፕ ላይ ገብቶ በሌላ ሰው ስልክ ከተሞከረ በኋላ ነው። ካርዱ ላይ ስልክ ቁጥር በትልቁ ይውጣ፤ ዩዘርኔም በትንሹ ይበቃል።

የሚታየውን ስም በተመለከተ አንድ የአማርኛ ነገር አለ። ባለሱቋ «የሠርግ ልብስ» የሚለውን በንጉሡ ሠ ጽፋው ነበር። ልክ ናት። ደንበኛው ግን ሲፈልግ በእሳቱ ሰ ነው የሚጽፈው። አንዱን ቢዮ ውስጥ (ከስሙ ሥር ባለው አጭር መግለጫ)፣ ሌላውን ስሙ ላይ አደረግነው። የድሮውንም ስም «የቀድሞው» ብለን ከአዲሱ ጎን ለብዙ ወራት አቆየነው።

ንግድ ፈቃዱ ዩዘርኔም አያሲዝም። የንግድ ምልክት ሌላ ነው፤ በ1998ቱ አዋጅ 501 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፣ ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳል። ለአቤቱታ የሚያዝ ወረቀት ስለሚሆን ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ቢሆንም ዩዘርኔም የኪራይ ቤት መሆኑን አትርሳ። በ2023 የፈረንጆች ሐምሌ ትዊተር ስሙን ኤክስ ሲያደርግ፣ «ኤክስ» የምትለዋን አንድ ፊደል ከ2007 ጀምሮ የያዘ የሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ አንሺ ነበር። ኩባንያው ስሙን ወሰደበት። ብር አልከፈለውም፤ ያቀረበለት የኩባንያውን ዕቃና ጉብኝት ነው። ባለቤቱ ራሱ ስም ሲቀይር ተከራዩን አስወጣው።

አሁን ያለበት

ጥር 12 ቀን ቲክቶኩ ወደ ኬ ተመለሰ። 500ው ካርድ አልተጣለም፤ የእህቷ ልጅ እያንዳንዱ ላይ ኪውን በእስክሪብቶ አጥፍታ ኬ ጻፈችበት፤ ቅጣቷ ነው ተባለ። የበሩ ኪውአር ተፍቆ ተነሥቷል፤ በቦታው ሁለት ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሚደውል ሰው ቀንሷል።

ሐሰተኛው ቻናል ቢጠፋም የድሮው ዩዘርኔም አልተለቀቀም። አልፎ አልፎ ትዝ ሲለኝ በአንድ ባዶ ቻናል ላይ ጽፌ እሞክረዋለሁ። እስካሁን የሚለኝ «ተይዟል» ነው።